የቀትር እንደምን አደሩ

ልዑልሰገድ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ ፎቶ በጣቱ ይገፋል። «ይሄን ይዩልኝ እትዬ አዜብ፣ እውነተኛው ኪንግስተን ይሄ ነው» ይለኛል። የማየው የቆርቆሮ አጥር ነው። ቀጥሎ ሌላ የቆርቆሮ አጥር። ከዚያ አንዲት ሴትዮ መንገድ ዳር ሙዝ ዘርግታ፣ ፊቷን ከካሜራው አዙራ።

ጃማይካ ሄዶ መመለሱ ነው። ሌላው ሰው የባሕር ዳርቻ ሪዞርት ውስጥ ተጋድሞ ሲመጣ፣ እሱ ዋና ከተማዋን ለብቻው፣ ያለ አስጎብኚ፣ በእግሩ ነው ያካለላት። ይህንን ከገባ ጀምሮ ደጋግሞ ነግሮናል። እኔ ቱሪስት አይደለሁም ይላል፤ እኔ የምቀላቀለው ከሪል ፒፕል፣ ከእውነተኛው ሕዝብ ጋር ነው ይላል።

እዚህ አውስትራሊያ፣ ኮሊንግዉድ፣ እኛ የመንግሥት ፎቅ ሲመጣ ግን መኪናውን ሁለት መንገድ አርቆ ነው የሚያቆማት፣ እንዳትቧጨርበት። ሊፍቱ ይሸተዋል መሰለኝ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚወጣው፤ በሩን ስከፍትለት ነው የሚተነፍሰው። ሪል ፒፕል እዚሁ ሞልቶለት ኪንግስተን ድረስ ለምን እንደሄደ እሱ ይወቅ። እኔም በዘመኔ ከሪዞርት ርቄ፣ ያለ አስጎብኚ፣ በእግሬ ድንበር ተሻግሬ ገዳሪፍ ገብቻለሁ። ፎቶ አሳዪኝ ያለኝ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ የምለው ግን በሆዴ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «አፍሽን ያዢ፣ አደራ» ብላኛለች። የእሷ ልጅ ኑሀሚን የተማሪ ቪዛዋ ሊያልቅባት ነው። እሱ ደግሞ ዜግነት አለው፣ ሥራው ደህና ነው፣ ዛሬ የመጣውም ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ቁርጡን ሊሰማ ነው። እሺ ካለች እዚሁ ትቀራለች፤ እምቢ ካለች ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ትወጂዋለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት «ክፉ ሰው አይደለም እኮ አክስቴ» ነው ያለችኝ። እውነት ነው፣ ክፉ አይደለም። ክፋትም እኮ ቁም ነገር ይፈልጋል።

ኑሀሚን ከጎኑ ተቀምጣ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ታያለች። ፈገግ ማለት ያለባት ቦታ ላይ ፈገግ ትላለች።

«ቆይ፣ ይሄ ደግሞ ያስቃችኋል» ይልና ቪዲዮ ይከፍታል።

መንገድ ዳር ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የተገመደ ሽበታም ጸጉሩ ወገቡ የደረሰ አንድ የራስታ ሽማግሌ በቀስታ ይመጣል። ዐይኑ ካሜራውን አልፎ ባለስልኩ አንገት ላይ ያርፋል፤ ማተቡን አይቶ መሆን አለበት። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይይዝና እጅ ይነሣል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» ይላል፣ በአማርኛ። ቃሉን እንዳይሰበርበት የፈራ ይመስል አንድ በአንድ ነው የሚያወጣው። «እንደምን… አደሩ?»

ልዑልሰገድ ጭኑን እየመታ ይስቃል። በጠራራ ፀሐይ እንደምን አደሩ አይልም መሰላችሁ፣ ይለናል። ወዲያው ከስልኩ ውስጥ የገዛ ድምፁ ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ። ሶሪ ሜት ይለዋል ሽማግሌውን፤ ቋንቋውን አልችልም፣ እኔ አውስትራሊያዊ ነኝ።

ሁለታችንም አንስቅም። ያልገባን መስሎት ያስረዳናል። እነዚያ ሰዎች ኢትዮጵያዊ መሆንህን ካወቁ አለቀልህ ይላል፤ ቤታችን ካልገባህ፣ ካልበላህ፣ እናታችንን ካልሳምክ እያሉ ቀኑን ሙሉ አይለቁህም፤ እኔ ደግሞ የማየው ብዙ ነበረኝ። ከዚያ ወዲያ ማተቤን ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት ይላል፣ ብልሃቱን እንድናደንቅለት።

ሰላምታ የእግዜር ነው። የተቀየመህ ሰው እንኳ ሰላም ካለህ ትመልሳለህ። ይሄ ግን ሰው ፍለጋ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ሰው በገዛ ቋንቋው ቢያናግረው ካደው። አፌ ሊከፈት ምንም አልቀረውም፤ እህቴ ትዝ ስትለኝ ሻዬን ጎንጭቼ እውጠዋለሁ።

ወደሚቀጥለው ፎቶ ሊገፋ ሲል ኑሀሚን እጁን ትይዘዋለች።

«ይጨረስ» ትላለች።

ለካ አላለቀም። ሽማግሌው እንግሊዝኛውን ሰምቶ አልሄደም፤ ቆሞ ያስባል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቀና ብሎ ፀሐዩን ያያል። ከዚያ ስሕተቱን እንዳገኘ ተማሪ ፊቱ ይበራና እንደገና እጅ ይነሣል።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ። እንደምን ዋሉ?»

ቪዲዮው እዚያ ላይ ይቆማል። ሽማግሌው አንጀቴን በላው። ጥፋቱ የእሱ መስሎታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች ኑሀሚን፣ ለስልኩ። «እርስዎስ አባባ፣ እንደምን ዋሉ?»

ልዑልሰገድ የቀለደች መስሎት ይስቃል። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይጠጋታል።

«እህሳ ኑሁዬ፣ ቅዳሜ ሽማግሌ ልላክ?»

ኑሀሚን ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። አትመልስለትም።

ያልሰማችው መስሎት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ዝም። አነጋገሩ ያላማረ መስሎት ደግሞ በትሕትና፣ ፈቃድሽ ከሆነ እያለ፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዝም። ቅዳሜ ካልተመቸሽ እሑድ ይላል። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ይጠይቃታል።

እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ እህቴ ብትፈልግ ታስምለኝ። ሦስተኛ ቋንቋ ቢኖረው በእሱም ይሞክር ነበር፤ የለውም። ጃኬቱን አንሥቶ ይወጣል። በሩን ልዘጋ ስጠጋ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አየዋለሁ፤ ሊፍቱ ገና ሳይመጣ ትንፋሹን ይዟል።