የአክስት ተራ

«ተነሽ፣ እንሂድ።»

ወንድሟ ከክፍሉ በር ላይ ሆኖ ነው የተናገረው። ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወልቅ፣ መርፌ የተሰካበትን ሰደርያ እንደለበሰ፣ ከስፌት መኪናው ብድግ ብሎ በቀጥታ መምጣቱ ያስታውቃል። ሰላምታ የለ፣ ይቅርታ የለ። ንባቡ ቀጥ አለ። ተራው ደርሶ ሲያነብ የነበረው ተማሪ፣ ዘበኛው፣ ጣቱ መጽሐፉ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ከኋላ ልጇን ታጠባ የነበረችው ወጣት ልብሷን ሰብሰብ አደረገች።

የተጠራችው እህቱ አልተነሳችም። ብትፈልግም ቶሎ የሚነሳበት ወንበር አልነበረም፤ ለሕፃናት የተሠራ ስለሆነ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር ተሰንቅሮ ነው የሚውለው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ክፍሉን ሲለቁ ጎልማሶቹ ይገባሉ፤ ሁሉም እንደዚሁ ተጣጥፎ ነው የሚማረው።

ሰሌዳው አጠገብ ጠመኔ ይዛ የቆመችው መምህርት የወንድሟ ልጅ ናት፤ አዝላ ያሳደገቻት። ቤት ውስጥ «አንቺ» ተባብለው ይቀላለዳሉ። ክፍል ሲገቡ ግን «እርስዎ» ይባባላሉ፤ ሕጉን ያወጣችው አክስትየዋ ናት። «ያላከበርኩት ሰው ያስተማረኝ አይገባኝም» ብላታለች። ሌሎቹ መጀመሪያ ሰሞን ይስቁባቸው ነበር፤ ኋላ ለመዱት።

ወንድሟ ያላነሳው ነገር የለም። ቁልፍ የሚተከልለት ሸሚዝ ተከምሯል አለ። ትከሻውን ሲለካው «እህትህ ልጅህ ፊት ቁጭ ብላ ሀ ሁ ትላለች አሉ» ብሎ የሳቀበትን ደንበኛ ሳይቀር አወራ። ልጁንም አልማራትም፤ አክስትሽን የሰው መሳቂያ አደረግሻት አላት። መምህርቷ «አባዬ» ብላ ጀመረች፤ ወዲያው ግን ተማሪዎቿ ፊት እንባዋ መጣ።

ይኼኔ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህ ሰው የሚያስፈራው ሲጮህ አይደለም፣ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው።

«በዚህ ዕድሜሽ ምን ልትሆኚ ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

ቀና ብላ አየችው። በሩን ሞልቶ ቆሟል።

«ጅቡ መቼ ሄደ፣ ጋሼ?»

ከጥግ የተቀመጠው ብረት በያጅ ሳቁን በሳል ለወጠው። እሷም ራሷ ደነገጠች፤ ለዚህ ሰው ከ«አቤት» እና ከ«እሺ» ሌላ መልስ ኖሯት አያውቅም። ቃሉ አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ለመመለስ አልቃጣትም፤ እንዲያውም አፏ ውስጥ ጣፈጣት።

ፊቱ ከሰል መሰለ።

«እንግዲያው እዚሁ እደሪ» አለ። «ከዛሬ ወዲያ ቤቴ እንዳላይሽ። ሰምተሻል?»

ሰምታለች። ከእሱ ቤት በቀር መግቢያ እንደሌላት ክፍሉ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጉልበቶቿን ከጠረጴዛው ሥር ተራ በተራ አውጥታ ተነሳች። በመጨረሻ ልብ ገዛች ብሎ ነው መሰል፣ ወንድሟ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለላት፣ እንድታልፍ።

ደጃፉ ድረስ ሄዳ ቆመች።

«ከትምህርት ቤት ያስወጡኝ ቀን ምን እንዳሉኝ ያስታውሱታል?» አለችው። «ልጅቷ ቆማ እስክትሄድ ነው፣ ከዚያ ትመለሻለሽ ነበር ያሉኝ።» በአገጯ ወደ ሰሌዳው አመለከተች። «ይኸው፣ ቆማለች።»

ወንድሟ ልጁን አየ። እናቷ በወሊድ ሞታ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ለዚህች እህቱ ያስታቀፋት ጨቅላ ናት። እህቱም ያኔ ልጅ ነበረች፤ ፊደሉን ገና ሳትጨርሰው ነው ያቋረጠችው። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር በእጁ ጨበጠ።

እሷ ወደ መምህርቷ ዞረች።

«መምህርት፣ ይፈቅዱልኛል? በሩን ልዝጋው፤ ለትምህርቱ አልተመቸም።»

አባት ልጁን ያያል፤ ልጅ አባቷን ታያለች። ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚዘጋና የሚከፍት። መምህርቷ ዓይኖቿን በክንዷ ጠረገች፤ ጉንጯ ላይ የጠመኔ ብናኝ ቀረ።

«ይዝጉት» አለች።

ዘጋችው። ሳታላጋ፣ ሳትጣደፍ፣ የቁልፉ ምላስ ገብቶ ቀጭ እስኪል ድረስ።

ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም። ሰሌዳ ላይ የመጻፍ ተራው የእሷ ነበርና እጇን ዘርግታ ጠመኔውን ተቀበለች። የዕለቱ ፊደል «ጠ» ነው። መምህርቷ በመጽሐፉ ላይ ከተደረደሩት ቃላት ቀጣዩን አነበበችላት።

«ጣሪያ።»

ምን እንዳለች የገባት ካለችው በኋላ ነው። ቃሉን ልትቀይርላት ተንተባተበች።

«ግድ የለም» አለች አክስትየዋ። «ጣሪያ ይሁን።»

ከበሩ ሥር፣ በክፍተቱ፣ የሁለት ጫማ ጥላ ይታያል። አልሄደም። እሷም ውጭ ላለ ሰው እስኪሰማ ድረስ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እየጫነች «ጣ»ን ጻፈች፤ ሦስት እግር፣ አንደኛው ረዘም ያለ። እግሩን ስትጨርስ ጠመኔው ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ስባሪው ተንከባሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ጎንበስ አላለችም። እጇ ላይ በቀረው ጉራጅ «ሪ»ን ቀጠለች።