አንድ ገጽ ቀረኝ

አንዲት ቃል ብጨምር ምላሴ ይቆረጥ፤ ይህ በገዛ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው። እኔ ጫኔ ስቆጣ የመንዝ በግ ሁሉ ማመስኳቱን ያቆማል። ልጄ ጽናት ግን ንቃኛለች። የቤት ሥራዋን ዛሬ ካልጨረሰች ከትምህርት ቤት አስወጥቼ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለምደርበው ባና የበግ ፀጉር አስፈትላታለሁ ብዬ ምያለሁ። እሷ ጓዳ ገብታ በአንድ ጊዜ ትጽፋለች፣ እንዝርት ታሾራለች፣ በስልክ ቀልድ እያየች ትስቃለች።

«ጽናት! ምን እየሠራሽ ነው?»

«የቤት ሥራ፣ አባዬ። አንድ ገጽ ቀረኝ።»

ገብቼ ስልኩን ነጠቅኋት። ፀጉሯ ፊቷን ጋርዶታል፤ ቀና እንኳ አላለችም። ስልኩን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍሁበት፤ ሳቁ ግን ከጓዳ አልቆመም። ተመልሼ እንዝርቱን በጉልበቴ ሰበርሁት። ገና ከመውጣቴ መሾሩን ሰማሁ።

«አንቺ ግትር! አሁንስ ወገብሽን ነው የምሰብረው!»

«አንድ ገጽ ቀረኝ።»

ዱላዬን ይዤ ስነሣ ባለቤቴ ደብሪቱ ከውጭ ገባች። ከኋላዋ ጽናት ቆማለች፤ ደብተሯን ታቅፋለች፣ ስልኳም በእጇ ነው።

«ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» አለችኝ ደብሪቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የአንተ ጩኸት አላስጠና ቢላት፣ ከጠዋት ጀምሮ እኅቴ ቤት ነው የዋለችው። እዚህ ማንም የለም።»

ጓዳ ውስጥ እንዝርቱ መሾሩን አቆመ።

«ጨረስሁ፣ አባዬ» አለኝ ያው ድምፅ ከጓዳ።