የአባታቸው ቅርጽ

ረመዳን በገባበት ዕለት፣ ከአሱር ሰላት በኋላ፣ ዲላ ባለው ቤታቸው ማጀት ረህማ፣ ታናሽ ወንድሟ ዘከርያና እናታቸው ነበሩ። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያው ረመዳን ነበርና እናታቸው ጥግ ይዛ ሊጡን አልነካችም። ልጆቹ ሳምቡሳውን እያጠፉ በአባታቸው ደንብ ለዩት፤ ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነው ለመስጊድ፣ ሁለቱ ጎኑ እኩል የሆነው ለጎረቤት። ሁሉም ጎኑ የተለያየውን አባታቸው ራሳቸው ይበሉት ነበር፤ እጃቸው ሌላ ቅርጽ አያወጣም ነበር።

«በዘከርያ እጅ ከሆነ ዘንድሮ ጎረቤት ጦሙን ማደሩ ነው» አለች ረህማ።

«አንቺ ደግሞ ማስመሪያ ይዘሽ ነው የምታጥፊው?»

እናታቸው ተነሥታ እጇን ታጠበች። ከተዳመጠው ሊጥ አንስታ ምስር ጨመረችና ማጠፍ ጀመረች። ከቤቱ ሁሉ እኩል አድርጋ የምታጥፈው እሷ ነበረች፤ ይቺን ግን አንዱን ጎን አስረዝማ፣ ሌላውን አሳጥራ አጣመመቻት።

«ይቺ የአባታችሁ ናት» አለች።

ከዚያ ሌላ ሊጥ አነሳች።