ልቧ ነው የሚነግራት

ጋሽ ደምሰው በዚያች ባለ ሁለት ወንበር አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪናቸው ሲመለሱ፣ ገና ክላክስ ሳያደርጉ ሚስታቸው እትዬ የሺመቤት በሩን ከፍተው ይጠብቋቸዋል። «ልቧ ነው የሚነግራት!» እያሉ ጋሽ ደምሰው ባገኙት ሰው ፊት ይጎርራሉ።

አንድ ቀን መካኒኩ ክንፉ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩትን ያለቁ ዘንጎች አውጥቶ፣ ፋብሪካው ከሠራቸው ይልቅ የጠነከሩ አዳዲሶች ገጠመላቸው። መኪናዋ በየመታጠፊያው ቋ ቋ ማለቷን ተወች።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ደምሰው ኮሽታ ሳያሰሙ ደጃቸው ደረሱ። በሩ ዝግ ነው። ጠበቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቢቸግራቸው ክላክሱን ነኩት።

«ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ!» አሉ እትዬ የሺመቤት እየሮጡ ወጥተው። «ከመታጠፊያው ቋ ቋ ስትል አልሰማሁህም እኮ!»

በማግስቱ ጋሽ ደምሰው ጋራዡ ሳይከፈት ደርሰው ቆመዋል።

«ክንፍዬ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሮጌዎቹን ጣልካቸው እንዴ?»