እንገር

አማቷ ባዶ ጣሳ አቀብለዋት መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ጡትሽን እለቢው» አሏት። «ቢጫው ወተት ተሟጦ እስኪያልቅ ታልቢና ይደፋል። እንገር ለልጅ አይሆንም፤ ሆዱን ይቆርጠዋል። እስከዚያ ቅቤ እናልሰዋለን።»

ልጇ ጎህ ሲቀድ ነው የተወለደው። ከእሱ በፊት ሁለት ወልዳ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እንደታዘዘችው አልባ ደፋች። ሁለቱም ቅቤ ልሰው ነበር፤ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሱ ተቀበሩ።

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አላልብም፣ እማማ።»

«ምን አልሽ? ሰባት ያሳደግሁ እኔ እያለሁ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«እርስዎ አሳድገዋል። እኔ ግን ቀብሬያለሁ።»

አማቷ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከበረት በኩል ላም ጮኸች። ዳለቻዋም ዛሬ ጠዋት ወልዳለች። በበሩ አሻግረው ሲያዩ ልጃቸው ይርሳው ማለቢያ ይዞ ላሟ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ዘለው ተነሡ።

«ተው አንተ! እንገሩን እንዳትነካ! ጥጃው ሳይጠግብ ማን እለብ አለህ? እንገር ያልጠባ ጥጃ እግሩ አይጠናም፤ ልትገድልብኝ ነው?»

ሮጠው ወጥተው ማለቢያውን ቀሙት። የሚንገዳገደውን ጥጃ ራሳቸው ደግፈው ጡት አስያዙት፤ እስኪጠግብም አጠገቡ ቆሙ።

እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ሲመለሱ ጣሳው እንደ ደረቀ ነው። ሕፃኑ ዓይኑን ጨፍኖ ጉሮሮው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ጥጃው ጠባ፣ እማማ?»

«ጠባ» አሉ ሳያስቡት።

«የኔም ጠባ።»