የጎረቤት ስንዴ

መጽሐፍ ጠራዡ «ግንብና ወንዝ» የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ጦርነት አላሸነፈም። ፍቅር ሌላ፣ ችሎታ ሌላ።

የጨዋታው ሁለተኛ ክፍል ሲወጣ ልጁ ጭኑ ላይ ተቀምጣ በጎቹን ትቆጥርለት ነበር። አምስተኛው ሲወጣ እሷ ለፈተና ስታጠና እሱ ድምፁን ዘግቶ ተጫወተ። ሰባተኛው የወጣው ግን እሱ ያልወደደውን ሰው አግብታ ቤቱን ጥላ ከሄደች በኋላ ነው።

ሰባተኛው ክፍል ከሰው ጋር ያጋጥማል። በቀን አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ዛሬ አንዱ ያንቀሳቅሳል፣ ነገ ባላንጣው ይመልሳል። «ጎረቤት» የሚል ስም ያወጣ ሰው ግጥሚያ ሲጠይቀው ጠራዡ ደስ ብሎት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ደሙ ሲፈላ ከረመ።

ጎረቤት በሁለተኛው ወር ከተማውን ከበበ። ከበበና ዝም አለ። አይገባ፣ አይሄድ! ይባስ ብሎ የጠራዡ ጎተራ ባዶ በሆነ ቁጥር ስንዴ ይልክለታል። ሃምሳ ጋሪ ስንዴ፣ በጠላት ፈረስ! ጠራዡ እንዲህ ያለ ንቀት በዕድሜው አይቶ አያውቅም።

ማን እንደሆነ አልጠፋውም። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ከሱ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ወረቀት ቆራጩ ይሠራል፤ ምላሱ ከማሽኑ ምላጭ ይብሳል። ጠዋት ጠዋት፣ «እህሳ ንጉሥ፣ ዛሬም አልሞትክም?» ይለዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ብቻውን ይስቃል።

ዓርብ ዕለት የጠራዡ ትዕግሥት አለቀ። እጁ ላይ ያለውን ሙጫ እንኳ ሳይጠርግ ሄዶ ቆራጩ ፊት ተገተረ።

«ስንዴህን ለራስህ ያዘው! ወንድ ከሆንክ ግባና ጨርሰኝ!»

«ስንዴውን የምልክልህ እኔ መሰልኩህ እንዴ?»

«አታላግጥብኝ!»

ቆራጩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወዳጄ፣ እኔ ብሆን በሦስት ቀን ነበር የምቀብርህ።»

ጠራዡ አላመነውም። ከሳምንት በፊት ስለ ስንዴው ሲያማርር ሰምቶ ለሥራ ባልደረባው ሁሉ፣ «ንጉሣችን በጠላት ቀለብ ነው የሚኖረው» ብሎ ያሳቀበት እሱ አይደለም እንዴ?

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሚስቱ ከልጃቸው ጋር በስልክ ስታወራ ቆይታ ከመኝታ ቤት ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለምን አትደውልላትም? ሁለት ዓመት ሊሞላ እኮ ነው።»

«ጥላኝ የሄደችው እሷ ናት፤ እሷ ትደውል።»

«ስትደውልልህ ጆሮዋ ላይ ዘጋህባት። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?»

የልጁ ድምፅ ናፍቆታል፤ ሚስቱ ስታወራት በሩ አጠገብ የጠፋ ነገር የሚፈልግ መስሎ የሚቆመው ለዚሁ ነው። ግን ያ የማይረባ ኩራቱ አፉን ሸብቦ ይዞታል። በራሱም ተናደደ፣ በሚስቱም ተናደደ። ቢያንስ ከአንዱ ንዴት ልገላገል ብሎ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

እንደፈራው ሃምሳ ጋሪ ስንዴ የከተማው በር ላይ ቆሟል።

«በቃ!» አለ ጮክ ብሎ። ጨዋታው መልእክት መላኪያ ሳጥን ነበረው፤ በአሥራ አንዱ ወር ግን ሁለቱም አንድ ቃል ጽፈውበት አያውቁም። ጠራዡ በሁለት ጣቱ እየቀጠቀጠ ጻፈ፦ «አውቄሃለሁ። ምጽዋትህ ሰልችቶኛል። እጅ ሰጥቼ ጨዋታውን ላጠፋው ነው፤ ከዛሬ በኋላ አታገኘኝም።»

ላከውና «እጅ ስጥ» የሚለውን ቁልፍ ሊጫን እጁን ዘረጋ። ጎረቤት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ነገ አልጠበቀም፤ መልሱ ወዲያው መጣ።

«አባዬ፣ በናትህ፣ ይሄንንም አትዝጋብኝ።»