ከቀዩ መኪና የወጣው ካምቢዮ

ካምቢዮውን በክሪክ ደግፌ የመጨረሻውን ብሎን ስፈታ የጋራዡ በር ተንኳኳ። ብሎኑን እንደ ሌሎቹ ወደ ባልዲው ወረወርኩት።

«ኮሊን! አለህ? እጄ ሙሉ ነው፣ ክፈትልኝ እንጂ!»

ድምፁን ስለየው ክው አልኩ። ወይዘሮ ሙሪየል ናቸው። ባላቸው ሲሪል ካረፈ አምስት ወሩ ነው፤ ይህን ቀይ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪናውን ከሦስት ሳምንት በፊት የገዛሁት ከእሳቸው ነው፣ ሻይ እያጠጡኝ። የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ነጋዴ ከሌስተር ከተማ መጥቶ ነበር፤ እኔ «ጠግኜ መንገድ ላይ አወጣዋለሁ» ብዬ ቃል ስለገባሁላቸው ሰውዬውን ከበር መለሱት።

እውነቱ ሌላ ነው። ያው ዓይነት መኪና አለኝ፤ አረንጓዴ፣ ከላይ እስከ ታች የሚያብረቀርቅ፣ ካምቢዮው ግን የሞተ። የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበትን ሜዳ ሁሉ አራት ዓመት ሙሉ በዝናብ ጭቃ እያቦካሁ ዞርኩ፤ ሆላንድ ድረስ ደብዳቤ ጻፍኩ። አልተገኘም። የሲሪልን መኪና የገዛሁት ለካምቢዮው ብዬ ነው፤ የተረፈው ተበታትኖ ለሌሎች ይሄዳል። በእኛ በአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ ሊድን የሚችል መኪና ለመለዋወጫ ማረድ ነውር ነው። ይህን ያደረገ ሰው በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ አያገኝም። ማወቁንስ አውቅ ነበር።

በሩን ገርበብ አድርጌ በሰውነቴ ልከልል ሞከርኩ። እሳቸው በሰማንያ አንድ ዓመታቸውም የሚከለሉ ሴት አይደሉም፤ በያዙት ካርቶን ገፋ አድርገውኝ ገቡ።

«ውይ! ይሄን ሁሉ ፈታኸው እንዴ?» ፊታቸው በራ። «ሲሪልም እንዲህ ነበር የሚጀምረው፣ ወገቡን እያመመውም ቢሆን። እኔ ደግሞ ኮሊን ሰነፍ ነው፣ እስካሁን ኮፋኖውንም አልከፈተ ብዬ ለእህቴ ሳማህ ነው የከረምኩት።»

«እየሞከርኩ ነው» አልኩ።

«በል ይኸው፣ የብሎን ማስቀመጫ አመጣሁልህ።» ካርቶኑን ከፈቱት። ባዶ የማርማላታ ብልቃጦች ናቸው፣ ታጥበው በጋዜጣ ተጠቅልለዋል። «ሁሉም ላይ ወረቀት ለጥፌበታለሁ፤ ያንተ ሥራ መጻፍ ብቻ ነው። ሲሪል መኪና ሊፈታ ሲያስብ ብልቃጥ እንዳያንሰው ጠዋት ማታ ማርማላታ ያስበላኝ ነበር። ይሄ ውፍረት ከየት የመጣ መሰለህ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ የገዛ ሳቄ ቀፈፈኝ።

መልሶ ለመግጠም የሚፈታ ሰው የእያንዳንዱን ክፍል ብሎን ለብቻ ያስቀምጣል፣ ከየት እንደወጣም ይጽፍበታል። ሁሉንም አንድ ላይ የሚወረውር ለማረድ የሚፈታ ነው። ከሲሪል ጋር አርባ ስድስት ዓመት የኖሩ ሴት ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

«እስካሁን የፈታኸውንስ የት አደረግከው?»

ዓይናቸው መደርደሪያውን ዞረ፣ ጠረጴዛውን ዞረ፣ ከዚያ ባልዲው ላይ አረፈ። የበሩ፣ የፍሬኑ፣ የሞተሩ፣ የወንበሩ ብሎንና ዳዶ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተዘባርቋል። ቀና ሲሉ ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመውን አረንጓዴ መኪናዬን አዩ። አሮጌው ካምቢዮ ወጥቶ ጎማው አጠገብ ተጋድሟል።

ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም። ቀስ እያለ ነው የሄደው፤ ያንን ቆሜ ማየት ከስድብ ከፋብኝ።

«ካምቢዮውን ፈልገህ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ለሱ ብቻ?»

«ለሱ ብቻ። ወይዘሮ ሙሪየል፣ እኔ...» መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«አንተ ጅል» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እኔ ቤት ከደረጃው ሥር አንድ ሌላ ካምቢዮ አለ እኮ። ሲሪል ግራሶ ቀብቶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ያስቀመጠው። ሃያ ዓመት የመጥረጊያዬን ቦታ ይዞብኛል። ብትነግረኝ እኮ ተሸክመህ ውሰድልኝ ብዬ እለምንህ ነበር።»

«አልጠየቅኩም» አልኩ።

«አልጠየቅክም።»

ካርቶናቸውን አንስተው ይወጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እንዲወጡልኝም ተመኘሁ፤ እንደዚያ መመኘቴ ራሱ አሳፈረኝ። እሳቸው ግን ካፖርታቸውን አውልቀው አረንጓዴው መኪናዬ ላይ ወረወሩት፤ የካፖርቱ የብረት ቁልፎች ቀለሙ ላይ ቀጭ አሉ። በርጩማዬን ወደ ባልዲው ሳቡና ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ።

«እስክሪብቶ አምጣ።»

አመጣሁ። እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ከተው አንድ ብሎን አወጡና በቀሚሳቸው ጠረጉት።

«ይሄ ከየት የወጣ ነው?»

ተቀብዬ አገላበጥኩት። በገዛ እጄ የፈታሁት ነው። «አላውቅም» አልኩ።

«እንግዲያው ግባና ፈልግ» አሉ፣ የአንዱን ብልቃጥ ክዳን እየከፈቱ።

በጀርባዬ ተኝቼ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ከዚያ የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነበር፤ ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ አይንቀሳቀስም። ብሎኑን በየቀዳዳው እሞክረው ጀመር። የመጀመሪያው ጠበበው። ሁለተኛው ሰፋው። ሦስተኛውም እንቢ አለ።